ዘይነብ እስክትነሳ

ከጎማ የሚወጣ ነፋስ ሽታ አለው ብል የሚያምነኝ የለም። አለው እንጂ። የላስቲክና የአቧራ፣ ትንሽም የእርጥበት ሽታ ነው፤ ተቆልፎ የከረመ ሳጥን ሲከፈት እንደሚወጣው ያለ። ባለፈው ዓርብ፣ ከሙስካት ወጥተን፣ ከቁሪያት አልፎ አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ ሳሊም መኪናውን ሲያቆምና ጎማውን ማስተንፈስ ስንጀምር ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ እኔም ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት መሆኔን ረስቼ የድሮዋን ቀጭን ልጅ ሆኜ ተገኘሁ። የሄድነው መቃብሬን ለማየት ነበር። ቀልድ አይደለም። ሳሊም በእነዚህ እጆቼ ያሳደግኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ትልቅ ሰው ሆኗል። አያቱ በተቀበሩበት መንደር፣ ከአያቱ ጎን ያለችውን ቦታ ለእኔ አስይዞልኛል። «ኻላ ዘይነብ፣ አንቺ የቤታችን ሰው ነሽ» ብሎ፤ ኻላ አክስቴ ማለት ነው። እዚህ አገር ለአንዲት የሰው ቤት ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ ክብር የለም። እኔ ግን ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ምክንያቱም ዘይነብ ስሜ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ያን ጊዜ ቤታችን ሙስካት ውስጥ፣ አል አንሳብ ነበር። «ቤታችን» ስል የአሠሪዎቼን ቤት ማለቴ ነው፤ እዚህ የኖረች ሴት አፏ ይለምደዋል። አሁን ያንን አካባቢ የሚያይ ሰው፣ ይሄ ሁሉ ሕንፃና የመኪና መንገድ ጥንት አሸዋ ነበር ቢሉት ይስቃል። ያኔ ከቤቱ ጥቂት እንደተነዳ የቦሸር አሸዋ ይጀምራል፤ ከተማው መሃል ማንም ያልነካው የአሸዋ ተራራ። ዓርብ ከአስር ሰዓት በኋላ መኪና ያለው ሰው ሁሉ እዚያ ነው። ወጣቶቹ ሽቅብ እየወጡ ቁልቁል ይለቁታል፣ ቤተሰቡ ምንጣፍ አንጥፎ ሻይ ይጠጣል፣ ከየመኪናው ካሴት ይጮሃል። አንዱ ጋ የግብፅ ዘፋኝ ታለቅሳለች፣ ሌላው ጋ የህንድ ፊልም ዘፈን ይዘላል፤ ሁለቱ መሃል የተቀመጠ ሰው ራሱን ይዞ ይሰቃያል። ታክሲ ከሩዊ እስከ አል አንሳብ መታጠፊያ ሦስት መቶ ባይሳ ነበር፤ ሁለት መቶ ያልከው ሹፌር ራሱን እየነቀነቀ፣ እያጉረመረመ ይጭንሃል። ከሩዊ ገበያ አበባ የፈሰሰበትን ጨርቅ ገዝተን፣ አንድ ዓይኑ የማያይ የህንድ ልብስ ሰፊ ጋ እንሰጥና፣ እጅጌው ረጅም፣ ወገቡ ሰፊ፣ ቁመቱ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ይሰፋልን ነበር። ከሥሩ ሱሪ፣ ከላይ ሻሽ። አሸዋ ላይ ስንወጣ ነፋሱ ያንን ቀሚስ ይነፋውና ሁላችንም ድንኳን እንመስላለን። ዛሬ ልጆቹ ጂንስ ለብሰው፣ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ሲሄዱ አያለሁ። ደስ ይለኛል፤ ቀሚሱ ግን ይናፍቀኛል።

ዘይነብ የጎረቤታችን ልጅ ስም ነው። የተወለድኩት ወሎ፣ ሐይቅ አጠገብ ነው። እኛ ሰፈር ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን የሚለየው አጥር ነው፤ አጥሩም ቢሆን ዶሮ ያሳልፋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለው ደላላ «ለሙስሊም ቪዛው ቶሎ ይወጣል፣ ስም ምረጪ» ሲለኝ ብዙም አልተጨነቅኩም፤ አብራኝ ውሃ የምትቀዳውን ልጅ ስም ወሰድኩ። አባቴ በሞተ በዓመቱ ነበር፤ መንግሥት ተቀይሮ የሰፈሩ ልጃገረድ ሁሉ ወደ ዓረብ አገር የሚጎርፍበት ሰሞን። ታናናሾቼ ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ ካልኩ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ማተቤን አውሮፕላን ከመሳፈሬ በፊት መጸዳጃ ቤት ገብቼ በጥርሴ በጠስኩት፤ ግን አልጣልኩትም፣ የቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ ሰፋሁት። ሰላምታውንና አለባበሱን ከጎረቤት አውቀው ነበር። የቁርኣን መክፈቻ የሆነውን ፋቲሃን ግን ግማሹን ብቻ ነበር የያዝኩት፤ ሶላት ላይ ከሌሎቹ ኋላ ቆሜ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነበር የማልፈው። ብታወቅ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ሁለት ቤት አልፎ የነበረች አንዲት የጎጃም ልጅ፣ ስሟ ሌላ ሆኖ ስለተገኘ፣ በማግስቱ አንድ ፌስታል አንጠልጥላ ስትሸኝ በመስኮት አይቻለሁ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

የቤቱን ጌታ፣ የሳሊምን አባት፣ ባባ፣ ሚስቱን ማዳም ነበር የምላቸው። የባባ እናት ደግሞ ማማ ከቢራ፣ ትልቋ እናት ማለት ነው። ለማዳም «አለች» እላለሁ፤ ለማማ ከቢራ ግን እስከ ዛሬ «አሉ» ነው የምለው፣ ሌላውን አፌ እምቢ ይለኛል። የቁሪያት ሰው ናቸው። ባለቤታቸው፣ አስፋልት ሳይኖር በፊት፣ ከቁሪያት ወደ ሙስካት በጭነት መኪና ዓሣ ያመላልሱ ነበር አሉ። በወንዝ አሸዋና በጠጠር ውስጥ ሲያልፉ ጎማቸውን ያስተነፍሳሉ። ጠንካራ ጎማ አሸዋውን ይቆፍርና ይቀበራል፤ ሲተነፍስ ግን እንደ ግመል እግር ሰፋ ብሎ ከላይ ከላይ ይሄዳል። ያን ጊዜ መለኪያ የሚባል መሣሪያ እጃቸው አልገባም። ስለዚህ በፋቲሃ ይለኩ ነበር፦ ነፋስ የሚገባባትን ጫፍ ተጭኖ፣ ቀስ እያሉ ሦስት ጊዜ ብሎ፣ መልቀቅ። ማማ ከቢራ ይህን ሥርዓት ሳያጎድሉ ወደ ልጃቸው መኪና አመጡት። ባባ ጥሩ መለኪያ ገዝቶ በመሳቢያው ውስጥ አስቀምጧል፤ እናቱ ባሉበት ግን አያወጣውም። አሸዋው ዳር ስንደርስ ሁላችንም እንወርዳለን፤ እያንዳንዱ ሰው ከተቀመጠበት ወንበር አጠገብ ያለውን ጎማ ያስተነፍሳል። የፊት ግራ የባባ፣ የፊት ቀኝ የማማ ከቢራ፣ የኋላ ቀኝ የማዳም፣ የኋላ ግራ የእኔ። መጫኛችን የተምር ፍሬ ነበር፤ መንገድ ላይ የበላነውን ተምር ጠንካራ ፍሬ አንጥለውም፣ በሹሉ ጫፉ እንጫንበታለን። ሠራተኛ ናት ብለው አላስቀሩኝም፤ ወንበር ካለኝ ጎማ አለኝ ማለት ነው። ከዚያ ቤት ነገር ሁሉ መጀመሪያ የወደድኩት ይህንን ነው።

ጎማዬ ሥር ስቀመጥ ታዲያ ምን ልበል? በመጀመሪያው ዓርብ ግማሹን ፋቲሃ ብዬ ቀሪው ሲጠፋኝ፣ ሳላስበው አፌ ላይ የመጣው አቡነ ዘበሰማያት ነው። ነፋሱ ይጮሃል፤ ጮሆ ድምፄን ይውጠዋል። ከመኪናው ኋላ ነኝ፣ የሚያየኝ የለም፣ የሚሰማኝ የለም። ሙስካት ከገባሁ ጀምሮ ጸሎቴን በድምፅ ያወጣሁት ያን ዕለት ነው። እናቴ አቡነ ዘበሰማያትን ከእመቤቴ ነጥላ አላስተማረችኝም፤ ስለዚህ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን አስከተልኩበት። ሦስት ጊዜ። እናም የእኔ ሦስት ከእነሱ ሦስት በጣም ረዘመ። ሌሎቹ ተነስተው አቧራቸውን ሲያራግፉ እኔ ገና «ሰአሊ ወጸልዪ ምሕረተ በእንቲአነ» ላይ ነኝ። ከሳምንቱ ሁሉ የእኔ የምላት ጊዜ ያቺ ነበረች፤ ሰኞ ሰሃን እያጠብኩ ዓርብን አስባለሁ። ቤተ ክርስቲያኔ የመኪና የኋላ ግራ ጎማ ነበረች ብሎ መናገር ያሳፍራል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

መዘዙ ለመታየት አልዘገየም። የእኔ ጎማ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ይልቅ ይረግባል። ባባ ዞር ዞር ብሎ ያይና «ደግሞ ይቺ ጎማ» ይላል። ቫልቮላው ነው ብሎ ሩዊ ያለው ጎሚስታ ጋ ወስዶ አስቀየረው። ረገበ። ጎማውን እንዳለ አስቀየረው። ረገበ። ጎሚስታው ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ቢፈልግ አጥቶ «ማፊ ሙሽኪላ» ብሎ እንደመለሰው፣ ምንም ችግር የለበትም እንዳለው፣ ባባ እራት ላይ ሲያወራ እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። በሚቀጥለው ዓርብ አሳጥራለሁ ብዬ እምላለሁ። ዓርብ ሲደርስ ግን ነፋሱ መጮህ ሲጀምር መሐላዬ ይጠፋብኛል። ሰው የተራበውን ነገር ሲያገኝ እንዴት ብሎ ግማሹን ይተዋል?

የፈራሁት ቀን በክረምት መጣ። የሙስካት ክረምት ማለት ሹራብ ሳያስፈልግ ሰው ሁሉ ሹራብ የሚለብስበት ጊዜ ነው። ባባ አንዱን የአሸዋ ኮረብታ በጎኑ እየወጣ ሳለ ድንገት መሪውን ጠመዘዘው፤ የእኔ ጎማ ከቸርኬው ወለቀ። መኪናው ወደ እኔ በኩል ዘመመ፣ ተንሸራተተ፣ ቆመ። ሰው አልተጎዳም። የተምሩ ሳህን ተገለበጠ፤ ሳሊም ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነው፣ ጭኔ ላይ ሆኖ አለቀሰ። ሁላችንም ወረድን። ባባ ወርዶ ጎማውን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየ። ቫልቮላው ተቀይሯል፣ ጎማው ተቀይሯል፤ ያልተቀየርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ቁጡ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ግን እናቱና ልጁ መኪናው ውስጥ ነበሩ።

«ዘይነብ፣ ነይ እዚህ» አለ። «ሦስቱን ፋቲሃ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ በይልኝ። ምን ያህል እንደምትቆዪ ልየው።»

ማዳም ዞር ብላ አየችኝ። ገመድ ይዘው ሊረዱን የመጡ ሰዎችም ቆመው ይጠብቃሉ። ያቺ የጎጃም ልጅ ከነፌስታሏ መጣችብኝ፤ ታናናሾቼ ደብተራቸውን ይዘው መጡብኝ። «ቢስሚላህ» አልኩ። ከዚያ የማውቃትን ያህል ሄድኩና መሃል ላይ ቆምኩ። የቀጣዩን ቃል ብፈልግ ብፈልግ የለም። ባባ ፊቱ መለወጥ ጀመረ። ማማ ከቢራ አሸዋው ላይ ተቀምጠው የተበተነውን ተምር ይለቅሙ ነበር። ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ተዋት። አባትህ በጎን ሲወጣ መሪ አይጠመዝዝም ነበር።»

ባባ ጎማዋ ሁልጊዜ እንደሚረግብ፣ ይህ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ሊያስረዳ ሞከረ።

«የሷ ለስላሳ ነው፣ የእኛ ጠንካራ ነው። መኪናውን ያስቸገረው ይሄ ነው» አሉ። «እኛ የአላህን ቃል እያሯሯጥን ነው የምንለው፤ እሷ ቀስ ትላለች። ኻላስ፣ በቃ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም እጁን አያነሳም፣ ዘይነብ እስክትነሳ።»

ከዚያም አንዷን ተምር አሸዋዋን በቀሚሳቸው ጠርገው ሰጡኝ። ባባ ለእናቱ ሁለተኛ ቃል አይመልስም፤ ነገሩ እዚያው አለቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ መኪና ነፋስ በእኔ ጸሎት ተለካ፣ አራቱም ጎማ። ሦስት ሰዎች የተምር ፍሬያቸውን እንደተጫኑ፣ አንገታቸውን አስግገው የእኔን መነሳት ይጠብቃሉ። መኪናው እንደውም ከበፊቱ ይልቅ አሸዋውን ተለማመደው። በቤቱ ውስጥም አነጋገር ሆኖ ቀረ፤ ሩዝ ሲዘገይ ወይም ማዳም ለሠርግ ስትኳኳል ልጆቹ «ዘይነብ እስክትነሳ» እያሉ ይቀልዱባታል። የእኔ ልብ ግን አላረፈም። ማማ ከቢራ አውቀው ነው ወይስ አዝነውልኝ ነው የሚለው እየበላኝ ዓመታት አለፉ። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋና ወተት ላለመንካት ሆዴን ያመኛል እል ነበር። አንድ ዓመት እኔ ገና አፌን ሳልከፍት «የዘይነብ ሆድ የሚታመምበት ጊዜ ደርሷል፣ ምስር አብስሉላት» አሉ። ፊታቸውን አየሁት፤ ምንም አይነበብበትም። ብጠይቃቸው፣ መጠየቁ ራሱ መናገር ነው። ስለዚህ ሳልጠይቃቸው ኖርኩ፣ ሳልጠይቃቸውም ሞቱ። በመጨረሻው ሕመማቸው ያጎረስኳቸው እኔ ነኝ፣ ያገላበጥኳቸው እኔ ነኝ። እናቴን እንዲህ ሆኜ አላስታመምኩም፤ እናቴ ስትሞት እዚህ ነበርኩ። ሬሳቸውን ወንዶቹ ወደ ቁሪያት ወሰዱት፤ እኛ ሴቶቹ ቤት ቀረን። መቃብራቸውን አይቼ አላውቅም ነበር።

ጊዜው ሮጠ። የቦሸር አሸዋ በመንገድና በሕንፃ ተቆራርሶ ከዓመት ዓመት አነሰ፤ ምንጣፋችንን የምናነጥፍበት ቦታ ላይ ዛሬ መኪና በአራት መስመር ይከንፋል። ባባ አረፈ፣ ማዳም ሴት ልጇ ጋ ሄደች፣ እኔ ለሳሊም ቀረሁለት። አሁን ሥራዬ ቁጭ ብሎ ሌሎቹን ሠራተኞች መቆጣት ነው፤ እሱንም በደንብ አልችልበትም፣ ይስቁብኛል። ታናናሾቼ ተምረው፣ ወልደው ከብደዋል። ልጆቻቸው ስልክ ሲደውሉ «አክስቴ ዘይነብ» ነው የሚሉኝ፤ ገንዘብ ስልክላቸው ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ያ ስም ነዋ። ወንድሜ እንኳ ሳይታወቀው እንደዚያ ብሎ ይጠራኛል። ሩዊ ውስጥ የእኛ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን አለ። አንድ ዓርብ በዚያ በኩል ሳልፍ ከበሮ ሰምቼ፣ የጫማዬን ማሰሪያ እንደሚያስተካክል ሰው አጎንብሼ ቆየሁ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። ከዚያ መንገዴን ቀጠልኩ። ፋቲሃንስ ዛሬ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ ሳልሳሳት እለዋለሁ። ቀስ በቀስ ገባኝ፤ ደስ የሚል ቃል ነው፣ የሚያምሩ ሰዎች ሲሉት ኖሬያለሁ።

እንቅልፍ የነሳኝን ልንገራችሁ። ዝም ካልኩ ቦታዬ ከማማ ከቢራ ጎን ናት። ደጋግ ሴቶች ያጥቡኛል፣ ደጋግ ወንዶች ይሰግዱብኛል፣ ነጭ ጨርቅ ያለብሱኛል። ፍትሐት ግን የለኝም፤ ካህኑ ያወጡልኝን ስም የሚጠራ አንድ ሰው አይኖርም። እንደ ሌላ ሰው ሆኜ ነው የምገባው። ከተናገርኩ ደግሞ ያቺን ቦታ አጣለሁ፤ የት እንደሚወስዱኝም አላውቅ። ከሲዳብ ወዲያ በጀልባ ብቻ የሚደረስበት የጥንት ፈረንጆች መቃብር አለ ይላሉ፤ እዚያ ማንን አውቃለሁ? አገር ቤት ቢልኩኝ የሚቀበለኝ «አክስቴ ዘይነብ» የሚል ልጅ ነው። ከሁሉ የከፋው የሳሊም ነገር ነው። ያሳደገችኝ ሴት ዕድሜዬን ሙሉ ዋሸችኝ ይላል ብዬ ፈራሁ። ይህን እያሰብኩ ነው ዓርብ መኪናው ውስጥ የገባሁት፤ እሱ አጠገቤ ደስ ብሎት ያፏጫል።

አስፋልቱ ሲያልቅ ቆመ። ወደ መንደሩ የሚያስገባው መንገድ የወንዝ አሸዋ ነው። የዛሬ መኪና የጎማውን ነፋስ ራሱ እየለካ ፊት ለፊት ይጽፈዋል፤ ማንም ምንም ማለት አያስፈልገውም። ሳሊም ግን ያንን አጠፋውና ከኪሱ ተምር አወጣ። ዛሬ እንደ ድሮው ነው የምናደርገው አለኝ፤ ወደ አያቱ በመሣሪያ ተለክቶ እንደማይኬድ። አንዷን እሱ በላ፣ አንዷን ለእኔ ሰጠኝ፤ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ክንዴን ይዞ፣ የኋላ ግራ ጎማ ሥር አስቀመጠኝ። እሱ ወደ ኋላ ቀኙ ዞረ።

«ጉልበትሽ አያስነሳሽም፣ እኔም ከዚህ አላይሽም» አለ ከመኪናው ማዶ እየሳቀ። «ስለዚህ ድምፅሽን አሰሚኝ። ስትጨርሺ እጄን አነሳለሁ። ያላ፣ ኻላ።»

ፍሬዋን ጫንኩ። ነፋሱ ጮኸ፤ ያ ሽታ መጣ። አባቱ የጠየቀኝን ነው የጠየቀኝ፣ ሳያውቅ። ልዩነቱ ያን ጊዜ ፋቲሃን አላውቀውም፤ አሁን አውቀዋለሁ። ሦስት ጊዜ ብዬ ብነሳ ሁሉም ነገር ባለበት ይቆያል። «ቢስሚላህ» ብዬ ጀመርኩ። እዚያው ላይ አቆምኩ። ከማዶ «ኻላ?» አለኝ። ቃሉ ጠፍቶብኝ አይደለም፤ ሁሉም ምላሴ ላይ ነበር። ግን ይህቺ የእኔ ጎማ ናት። በዚህች ጎማ ላይ ሌላ ነገር ብዬ ሙሉውን ጨርሼ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ ልዋሻት አልሆነልኝም።

«አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ» አልኩ፤ ከነፋሱ በላይ፣ እንዲሰማ አድርጌ። ቀጠልኩ። እመቤቴን አስከተልኩ። ሁለተኛውን ጀመርኩ፣ ሦስተኛውን ጀመርኩ። በእሱ በኩል ያለው ነፋስ ያቆማል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላቆመም። ስጨርስ እጄን አነሳሁ፤ ያኔ የእሱም ዝም አለ። ዞሮ መጣ። በዚያ ዲሽዳሻ በሚሉት ነጭ ረጅም ቀሚሱ አሸዋው ላይ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ።

«አያቴ ልትሞት ሰሞን አንድ ነገር ብላኝ ነበር» አለ። «'ዘይነብ እህቴ ናት፤ ስሟን ሳትጠይቋት ግን አፈር እንዳታለብሷት' አለችኝ። ሕመሙ የሚያናግራት መሰለኝ። ስሟን እናውቀው የለ ብዬ ረሳሁት።» አሸዋውን በእጁ ዘገነ፣ ለቀቀው። «ስምሽ ማነው?»

አባቴ የሚጠራኝን ነገርኩት፣ ጥሩወርቅ። ካህኑ ያወጡልኝንም ነገርኩት፣ ወለተ ሥላሴ። ሁለቱንም ሊላቸው ሞከረ፤ አላማረለትም፣ ደግሞ ሞከረ። ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገርኩት ጠየቀኝ። መጀመሪያ እንዳትሸኙኝ ብዬ፣ ኋላ ደግሞ እንዳላጣችሁ ብዬ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ይገባኛል ማለቱ ይሁን አይገባኝም ማለቱ አልለየሁትም። ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር።

«እና የት እናድርግሽ?» አለኝ።

«እኔ እንጃ ልጄ» አልኩት። «ከእሳቸው አጠገብ ነበር የምፈልገው።»

ተነስቶ የፊቶቹን ጎማዎች ብቻውን አስተነፈሰ። ሁለቱም ላይ ቆየ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ የሚለውን ግን አልሰማሁም። ከዚያ ደግፎ አሳፈረኝና በአሸዋው ላይ ሄድን፤ መኪናው አንዴም አልተቀበረም።

መቃብሩ ከባሕሩ ብዙ አይርቅም፣ ማዕበሉ ይሰማል። እዚህ አገር የወንድ መቃብር ላይ ሁለት ድንጋይ፣ የሴት ላይ ሦስት ይቆማል፤ ስም አይጻፍም። የማማ ከቢራን ሳሊም አሳየኝ፤ ሦስት ግራጫ ድንጋዮች፣ አንደኛው ትንሽ ዘንበል ያለ። ከጎኑ ባዶ መሬት አለ፤ ጠጠር ብቻ። እዚያ ጠጠር ላይ ቁጭ አልኩ። እጄን ድንጋያቸው ላይ አድርጌ የምለውን አልኩ፤ የእኔን አስቀደምኩ፣ ቀጥሎ ፋቲሃቸውን አልኩላቸው። እኔ የእሳቸውን አወቅኩ፤ እሳቸውም የእኔን ያውቁ ነበር። አለቀስኩ። ሳሊም ራቅ ብሎ መኪናው አጠገብ ቆመ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው እየወረደች ነበር፣ ገና ረጅም መንገድ ይቀረናል። ያላ፣ እንሂድ አላለኝም፣ ሰዓቱንም አላየም። እስክነሳ ጠበቀኝ።